የሰኞ አልጋ

ስልኩ ሲጮህ ጌታነህ የሰው ሱሪ እያሳጠረ ነበር። እግሩን ከስፌት መኪናው መርገጫ ላይ ሳያወርድ አንሥቶ ጆሮው ላይ አደረገው።

"ሃሎ፣ አቶ ጌታነህ ነዎት?"

"ነኝ።"

"ራሄል እባላለሁ። ከአዲስ አበባ ነው የምደውለው፣ ከሆስፒታል። የአቶ ክንዱ ወልደ ሰንበት ወንድም ነዎት አይደል?"

መርገጫው ቆመ። መርፌው ጨርቁ ውስጥ እንደተሰካ ቀረ።

"ምን ሆነ?" አለ ጌታነህ።

"ደግ ነው። አልጋ ተገኝቶላቸዋል። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እዚህ ይድረሱ። ማክሰኞ እንደገና ይመረመራሉ፤ ሁሉም ደህና ከሆነ ሐሙስ ኦፕራሲዮን ይገባሉ።"

"ዛሬ እኮ አርብ ነው፣ ልጄ።"

"አውቃለሁ፣ አባቴ። የተወሰነው ትናንት ከሰዓት ነው። ሲወሰን ነው የምንደውለው።"

ልጅቱ ብዙ ሰው የሚጠብቃት ሰው አነጋገር ነበራት፤ ፈጠን ትላለች፣ ግን አትቆጣም። ጌታነህ ሌላ ስልክ ቁጥር ፎርሙ ላይ እንዳለ ጠየቃት።

"የእርስዎ ብቻ ነው ያለው። ለምን?"

"እንዲያው ነው። ሰኞ ባይደርስስ?"

"አልጋው ለሚቀጥለው ይሰጣል። የሚቀጥለው ሰው ከጎሬ ናቸው፤ እሳቸውም ስልክ እየጠበቁ ነው። አባቴ፣ ድሮ ታማሚው ወረቀቱን ይዞ ራሱ ነበር የሚዞረው። አንዱ ሆስፒታል መሣሪያ የለኝም ይለዋል፣ ሌላው ሐኪም የለኝም ይለዋል፤ ሲዞር ጊዜው ያልፍበታል። አሁን ከየክልሉ የሚመጣው ወረቀቱ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ሐኪሞቹ አንድ ላይ ተቀምጠው ያዩታል፤ ማን ይቅደም፣ ማን ይቆይ ይላሉ። ይህን ኦፕራሲዮን የሚሠሩት ሐኪሞች ጥቂት ናቸው፣ ቦታውም ጥቂት ነው። ሰኞ ከቀሩ እንደገና ወረፋ ይያዝላቸዋል። እጢው ግን ባለበት አይቆይም።"

"ገባኝ።"

"አስታማሚም ያስፈልጋል። ያለ አስታማሚ አናስተኛም። እርስዎ ነዎት አይደል አብረው የሚመጡት?"

"እሺ" አለ ጌታነህ። ምኑን እሺ እንዳለ ራሱም አላወቀም። ልጅቱ አመስግና ዘጋች።

ክንዱ ወንድሙ አልነበረም። ዘመዱም የአገሩ ልጅም አልነበረም። የተገናኙት ባሕር ዳር ሆስፒታል ውስጥ ነው። በመጋቢት መጨረሻ ጌታነህ ሚስቱን ሰርኬን በኩላሊት ሕመም አስተኝቶ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ አልተነሣም ነበር። በስምንተኛው ቀን አንድ ገበሬ መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ። ረጅም ሰው ነው፣ ስድሳ ግድም። የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሆኗል፤ ደረቱንና እጁን ሳያቋርጥ ያካል። ከስማዳ፣ ሰንበሌጥ ከሚባል አገር እንደመጣ ተናገረ። አስታማሚ አልነበረውም። ወረቀቱን በፌስታል ይዞ ብቻውን ከክፍል ክፍል ይሄድና ተመልሶ እዚያው ይቀመጣል። ጌታነህ ሻይ ሲገዛ ሁለት መግዛት ጀመረ። ብዙ አያወሩም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ክንዱ ከሐኪሙ ክፍል ወጥቶ ፊቱ ቆመ።

"ወንድሜ፣ ለአንድ አፍታ ዘመዴ ሁንልኝ" አለው። "ዘመድህን ጥራ ይለኛል። ብቻዬን ነኝ ብለው አይሰማኝም።"

ጌታነህ ገባ። ወጣቱ ሐኪም ክንዱን "እርስዎ ውጭ ይቆዩ" ብሎ በሩን ዘጋ። ልማዱ ነው። ክፉ ነገር ለባለቤቱ አይነገርም፤ ለዘመድ ይነገራል። ዘመድ ቀኑን መርጦ፣ ሰው አሰባስቦ፣ ቀስ አድርጎ ያሰማዋል። ወይም ጭራሽ አያሰማውም።

"ቆሽታቸው ላይ እጢ ወጥቷል" አለ ሐኪሙ። "ካንሰር ነው። የሐሞቱን መውረጃ ስለዘጋው ነው ቢጫ የሆኑት። ደግነቱ እስከምናየው ድረስ አልተሰራጨም። ተቆርጦ ሊወጣ ይችላል። እዚህ ግን አይሠራም። ወረቀታቸውን አዲስ አበባ እልካለሁ፤ እዚያ ሲወስኑ ይደውላሉ።"

ጌታነህ ቆሽት ሲባል የሚያውቀው የተናደደ ሰው ሲናገር ነው። እንደ ጉበትና እንደ ሳንባ የሚታመም መሆኑን ያን ቀን ሰማ። ሐኪሙ ስልክ ቁጥር ጠየቀ። ሰንበሌጥ ኔትወርክ የለም፤ ጌታነህ የራሱን ሰጠ። ሐኪሙ ዝምድናውን ጠየቀ። ጌታነህ "ወንድም" አለ፤ ተጻፈ።

ሲወጣ ክንዱ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ነበር።

"ምን አለህ?"

"ይደውላሉ። እስከዚያ አገርህ ግባ ብሏል።"

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም" አለው ጌታነህ።

ማታ ሊነግረው አስቦ ነበር፣ ቀስ ብሎ። ከሰዓት በኋላ ግን ሰርኬ ባሰባት። በሁለተኛው ቀን አረፈች። ሬሳዋን ጭኖ ወደ ንፋስ መውጫ ሲመለስ ክንዱ የት እንዳለ እንኳ ዞር ብሎ አላየም።

እስከ አርባዋ ድረስ ቤቱ ሰው አላጣም። አርባዋ ካለፈ በኋላ ሁሉም ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ጌታነህ አልተቀየመም። ሱቁን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ቤቱ ገብቶ ሁለት ብርጭቆ ያነሣል፤ አንዱን መልሶ ያስቀምጣል። አንዳንዴ ያ ቢጫ ሰው ትዝ ይለዋል። "ይደውላሉ" ይልና ይተወዋል።

አሁን ደውለዋል።

የሱሪው ባለቤት ከደጅ ብቅ አለ። "አለቀ?"

"አላለቀም።"

"ዛሬ ብለኸኝ አልነበረም?"

"ብዬህ ነበር" አለ ጌታነህ፤ ሱሪውን ከመርፌው ሥር አውጥቶ አጣጠፈና ሰጠው። "ሌላ ሰፊ ዘንድ ውሰደው። እኔ መንገድ ልሄድ ነው።"

ሰውየው ሱሪውን በሁለት ጣቱ እንደያዘ ቀረ። ጌታነህ ሱቁን ቆለፈ።

አርብ በመሆኑ ዕድለኛ ነው። አርብ አርብ ነጋዴው በአይሱዙ ወደ አርብ ገበያ ይወርዳል፤ የስማዳ ቆላ ሰውም ወደዚያው ይወጣል። መንገዱ ተዘግቶ ሰንብቶ ከተከፈተ አራት ቀኑ ነበር፤ ስለዚህ መኪናው ጢም ብሏል። ጌታነህ ከጨው ጆንያ ላይ ቦታ አገኘ። ጨው የምትነግደው ውባለም ከጎኑ ተቀምጣለች።

"ጌታነህ! ዛሬ ምን ነካህ?" አለችው። "ቆብ ልትሸጥ ነው ወይስ ሚስት ልታጭ?"

መኪናው ላይ የነበሩት ሳቁ። ውባለም ራሷ ነገሩ ዘግይቶ ገባትና አፏን በእጇ ያዘች።

"ውይ! አፌን ይቁረጠው። ይቅር በለኝ፣ ሰርኬ ጓደኛዬ ነበረች እኮ።"

"ምንም አይደል። የሰንበሌጥ ሰው ፈልጌ ነው።"

"ሰንበሌጥ? የስማዳው?"

"እሱ። ሰዎቹን ከየት አገኛቸዋለሁ?"

"ሰው አትጠይቅ፣ አህያ ጠይቅ" አለች ውባለም። "አርብ ገበያ አህያ የሚታሰረው በየአገሩ ነው። የስማዳዎቹ ከባሕር ዛፉ ወዲያ፣ ከቦዩ አጠገብ ናቸው። አህያውን ካገኘህ ባለቤቱ መቼም አህያውን ትቶ አይሄድም።"

"አንቺ ብትሆኚ ትተሽው ትሄጂ ነበር" አለ አንድ እህል ነጋዴ ከኋላ።

"ካንተ ጋር ተሳስሬ አድር ነበር እንግዲህ!" አለችው፤ እንደገና ተሳቀ። ጌታነህም ፈገግ አለ። ከዚያ መንገዱ መኪናውን ማንገጫገጭ ሲጀምር ሁሉም የያዘውን ይዞ ዝም አለ።

አርብ ገበያ ሲደርሱ አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ጌታነህ በእህሉ ተራ፣ በበርበሬው ተራ አልፎ ወደ ባሕር ዛፉ ሄደ። አህዮቹ እንደተባለው በየመንጋቸው ታስረዋል። በየመንጋው አንድ አንድ ሰው ቆሟል፤ መንደሩ በተራ ያስጠብቃል፤ የተራው ባለቤት ያን ቀን አይገበይም። ከቦዩ አጠገብ አንድ አጠር ያለ ገበሬ በትሩን ትከሻው ላይ አጋድሞ ተቀምጧል።

"የሰንበሌጥ ናቸው?" አለ ጌታነህ።

"ትገዛለህ?"

"ሰው ፈልጌ ነው። ክንዱን፤ ክንዱ ወልደ ሰንበትን።"

ሰውየው በትሩን ከትከሻው አወረደ። ጌታነህን ከጫማው እስከ ቆቡ አየው። ዘመኑ እንግዳ ሰው ስም ጠርቶ ሲመጣ የሚያስጠረጥር ነው።

"ለምን ፈለግኸው?"

"ወንድሙ ነኝ።"

ቃሉ አመለጠው። ጠዋት ስልክ ላይ እንዲያ ሲጠሩት አፉ ለምዶት ኖሯል። ሰውየው ሳቀ፤ ሳቁ ግን ደግ አልነበረም።

"ክንዱ ለእናቱ አንድ ነው። አብሬው ነው ያደግሁት። አንተ ከየት የበቀልህ ወንድም ነህ?"

ጌታነህ ቆቡን አወለቀ። መዋሸት አልቻለበትም። የኮሪደሩን ነገር፣ የሐኪሙን ነገር፣ የስልኩን ነገር ባጭሩ ነገረው። ካንሰር የሚለውን ብቻ አላነሣም። ሰውየው እየሰማ ፊቱ ተፈታ።

"ልብስ ሰፊው ነሃ!" አለ። "ሻይ ይገዛልኝ ነበር ያለው አንተን ነው? ደምሌ እባላለሁ። ሚስትህስ እንዴት ሆነች?"

"አረፈች።"

"ነፍስ ይማር።" ደምሌ ተነሥቶ ቆመ፤ ትንሽ ቆይቶ ተመልሶ ተቀመጠ። "እኛ የወፍ በሽታ ነው ብለን ነበር። ዓይን ቢጫ ሲሆን ሌላ ምን ይባላል? መድኃኒት አዋቂ ዘንድ ወሰድሁት። ቅጠል ጨምቆ በአፍንጫው አፈሰሰለት። ቢጫው አልለቀቀ። 'ተመልሰን እንሂድ' አልሁት። 'አያስፈልግም' አለኝ። ከዚያ ወዲህ ዝም አለ። አያማርርም፣ አይጠይቅም። ንስሐ አባቱን አስጠራ። አጥሩን ጠገነ። ዛሬ ደግሞ በሬውን እየነዳ መጣ።"

"በሬውን?"

"ሊሸጠው!" ደምሌ በበትሩ መሬቱን መታ። "እኔ አንድ በሬ አለኝ፣ እሱ አንድ አለው። ዘጠኝ ዓመት አቀናጅተን ነው ያረስን። አሁን ግንቦት ነው፤ ዝናቡ ሊጥል ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። በግንቦት በሬ የሚሸጥ ገበሬ አይተህ ታውቃለህ? መጀመሪያ 'አንተ ግዛኝ' አለኝ። ከአንተ ላይ በሬ አልገዛም አልሁት። ከትናንት ጀምሮ አልተነጋገርንም። ሂድ፣ ከብት ተራ ታገኘዋለህ። እኔ ተራዬ ነው፣ አህያ እጠብቃለሁ።"

ክንዱ ከከብት ተራው ዳር ቆሞ ነበር። በጣም ከስቷል፤ ኮቱ የሌላ ሰው ይመስላል። የበሬውን ገመድ ይዟል። አንድ ገዢ የበሬውን ጥርስ ያያል፣ ጀርባውን በእጁ ይጫናል። ክንዱ ጌታነህን ሲያይ አልደነገጠም። ከኋላው ሌላ ሰው ይኖር እንደሆነ ተመለከተ።

"ሚስትህስ?" አለው።

"አረፈች። በተለያየን በሁለተኛው ቀን።"

"አልሰማሁም።"

"ማን ይነግርሃል?"

"ነፍስ ይማር። እግዜር ያጽናህ።" ገመዱን ከቀኝ እጁ ወደ ግራው አዛወረ። "ምን እግር ጣለህ?"

"ደወሉ። አልጋ ተገኝቷል። ሰኞ ጠዋት አዲስ አበባ መድረስ አለብህ።"

"ለምን?"

"ለኦፕራሲዮን ነዋ።"

"ለማይድን ሰው?"

"አትድንም ያለህ ማን ነው?" አለ ጌታነህ።

"አንተ።"

ገዢው የበሬውን ሆድ እየዳበሰ ወደ ሌላው ጎን ዞረ። ጌታነህ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እኔ ምንም አላልሁህም፣ አያ ክንዱ።"

"ምንም አላልኸኝም" አለ ክንዱ። "ገብተህ ቆየህ። ስትወጣ ፊቴን አላየህም፤ ጫማዬን ነው ያየህ። ሌላስ ስልህ ሌላ የለም አልኸኝ። እኔ በአገሬ ስንት ሰው አርድቻለሁ። ክፉ ነገር የያዘ ሰው እንዴት እንደሚቆም አውቃለሁ። የሚድን ቢሆን ኖሮ ትነግረኝ ነበር፤ ደስ የሚል ነገር ማን ይደብቃል? ስለዚህ ገባኝ። አገሬ ገባሁ።"

ክፉውን ሊሸሽገው ብሎ ደጉንም አብሮ ሸሽጎታል። ይህ ለአንድ ቀን እንኳ በሐሳቡ አልመጣም ነበር። እዚያው በሬና ላም መካከል፣ ሰው እየገፋው፣ ቆሞ ነገረው።

"ካንሰር ነው አለ። ቆሽትህ ላይ ነው። የሐሞትህን መውረጃ ዘግቶታል፤ ቢጫ ያደረገህ እሱ ነው። አልተሰራጨም አለ፤ ያን ጊዜ። ተቆርጦ ሊወጣ ይችላል አለ። ይድናል አላለም። ሊወጣ ይችላል ነው ያለው። ማታ ልነግርህ አስቤ ነበር። ከዚያ ሰርኬ ባሰባት። ይኸው ነው።"

ክንዱ ጣቶቹን እያጠፈ ቆጠረ። የተቆጣ አይመስልም። አንድ ነገር በልቡ የሚያሰላ ይመስላል።

"ሰባት ሳምንት" አለ በመጨረሻ። "ሰባት ሳምንት ሙሉ ሞቼ ከረምሁ።"

"አውቃለሁ።"

"አታውቅም። ሌሊት እየተነሣሁ በሬዬን አየው ነበር። ማን ዘንድ እንደሚሄድ አስብ ነበር። ለልጄ አልነገርሁ። ለደምሌ አልነገርሁ። አንተ ብትነግረኝ ኖሮ አብረን እናውቅ ነበር፤ ሁለት እንሆን ነበር። ብቻዬን አወቅሁት፤ ያውም ግማሹን።"

"ኧረ ሰዎች!" አለ ገዢው። "በሬው ይሸጣል ወይስ አይሸጥም? የሚያርስ በሬ ከሆነ አሁን ልንገርህ ዋጋዬን፤ ለሥጋ ከሆነ ሌላ ነው።"

"ትንሽ ቆየኝ" አለው ክንዱ። ወደ ጌታነህ ዞረ። "ያኔ ካልተሰራጨ፣ አሁንስ?"

"አላውቅም። እዚያ ደግመው ያዩታል።"

"ተሰራጭቶ ቢያገኙትስ?"

"እሱንም አላውቅም።"

"ማን ይከተለኛል? ያለ ሰው አያስተኙም፤ ባሕር ዳርም ብለውኛል። ልጄ ደጊቱ እስቴ ናት፤ ከወለደች ሁለት ሳምንቷ ነው። ወንዱ ልጄ ዋለ ከቤት ከወጣ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ድምፁን አልሰማሁም። ደምሌን ይዤ ብሄድ የሁለት ቤት እርሻ ጦም ያድራል።"

"እኔ እከተልሃለሁ ብያለሁ፣ ለልጅቱ።"

ክንዱ አየው። "እዚያ አግዳሚ ላይ ልትቀመጥ?"

"ሌላ አግዳሚ ነው።"

"ሁሉም አንድ ነው" አለ ክንዱ። "ትፈልጋለህ?"

ጌታነህ ኮሪደሩን አሰበ። ግማሹ አረንጓዴ የተቀባውን ግድግዳ፣ አልጋ ሲገፋ የሚጮኸውን ጎማ፣ ነርሷ ስሙን የጠራችበትን ድምፅ አሰበ። ከመጣ ጀምሮ ሐሳቡ እዚህ ላይ አልደረሰም ነበር።

"አልፈልግም" አለ። "ዳግመኛ ሆስፒታል ደጃፍ መድረስ አልፈልግም። ግን እመጣለሁ።"

ክንዱ ራሱን ነቀነቀ። ዛሬ ከጌታነህ አፍ ከወጣው ሁሉ ይህን ብቻ ያመነ መሰለ። ገመዱን ሰብስቦ በእጁ ጠቀለለና ለገዢው፣ "ይቅርታህን፤ አይሸጥም" አለው።

"ከጠዋት ጀምሮ አስለፍተኸኝ!"

"ጠዋት ይሸጥ ነበር።"

በሬውን እየነዱ ወደ አህዮቹ ወረዱ። ደምሌ ከሩቅ አያቸው፤ ፊቱን ግን ወደ ቦዩ መለሰ።

"አልገዛም ብያለሁ" አለ ሳይጠየቅ።

"ማን ሸጠልህ?" አለ ክንዱ። "እረስበት። የኔ ማሳ ላይ ማሽላ ዝራበት፤ ዘሩ ከጎታው በስተግራ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ነው ያለው። አይጥ እንዳይገባበት ድንጋዩን መልሰህ ግጠመው።"

"አንተስ?"

"አዲስ አበባ ልሄድ ነው። ሆዴን ይከፍቱታል። የወፍ በሽታ አይደለም፣ ደምሌ። ካንሰር ነው።"

ደምሌ ከተቀመጠበት ተነሣ። ጌታነህን ገላመጠው፤ እንዲህ ያለ ነገር ለበሽተኛው የሚነግር ምን ዓይነት ሰው ነው የሚል አስተያየት ነበር። ከዚያ ገመዱን ከክንዱ እጅ ተቀበለ።

"መቼ ነው የምትሄድ?"

"አሁን። መኪናው ስምንት ሰዓት ላይ ይነሣል።"

"አሁን? ሳትሰናበት?"

"ማንን?" አለ ክንዱ።

ደምሌ ወዲያ ወዲህ አየ። አህዮቹ ጆሯቸውን እያራገፉ ቆመዋል። የራሱን ጋቢ ከትከሻው አውርዶ ክንዱ ትከሻ ላይ ጣለው።

"ያንተማ ተቀዳዷል" አለ። "ከተሜ ይስቅብሃል። መታወቂያህስ? የመድኅን ደብተርህስ?"

"ደረቴ ላይ ነው። ባሕር ዳር ከሄድሁ ጀምሮ አላወጣሁትም።"

"እንግዲያ ሂድ። በዘር ሰዓት አታስጠብቀኝ።" ይህን ብሎ በሬውን ያለ ጥፋቱ በበትሩ ነካው።

ስምንት ሰዓት ላይ አይሱዙው ተነሣ። ጨውና ሸቀጥ አራግፎ እህል ጭኗል። ሁለቱ ጆንያ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጌታነህ መንገዱን በልቡ አቀደው። ዛሬ ቤቱ ያድራሉ። ነገ ጎህ ሲቀድ በሚኒባስ ወደ ባሕር ዳር፤ እሑድ ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ፤ መንገዱ ከተዘጋ በአውሮፕላን። ሰርኬ የቋጠረችው ትንሽ ገንዘብ አለ፤ ምን ላይ እንደሚያውለው እስከዛሬ አላወቀም ነበር። ለክንዱ ዕቅዱን ነገረው። ክንዱ "እሺ" አለ። ክንዱ አንድ ጊዜ ብቻ ቆላውን ዞር ብሎ አየ፤ አገሩ ግን ከዚያ አይታይም።

ዳገቱን ጨርሰው ደጋው ሲጀምር ሾፌሩ ራዲያተሩ ላይ ውሃ ሊጨምር ቆመ። ሰው እግሩን ለማፍታታት ወረደ። እነሱ ጆንያው ላይ ቀሩ። ኔትወርክ ተመልሶ ኖሮ ስልኩ ጮኸ። ቁጥሩ የጠዋቱ ነው።

"አባቴ፣ ስደውል አልይዝ አለኝ። አገኟቸው?"

"አገኘሁት። እየመጣን ነው። እሑድ ማታ እንገባለን።"

"በጣም ጥሩ። አልጋውን አጸናዋለሁ።" ልጅቱ ወረቀት ስታገላብጥ ተሰማ። "አንድ ነገር ደግሞ አለ። ዋናው ሐኪም የሆዳቸውን ፎቶ ዛሬ እንደገና አይተውት ነበር። ከመምጣታችሁ በፊት ቤተሰብ ማወቅ ያለበት ነገር አለ፤ አብረውኝ ናቸው፣ አገናኝዎታለሁ። ታማሚው አጠገብዎ ካሉ እባክዎ ትንሽ ራቅ ይበሉ።"

ጌታነህ አንድ እግሩን በመኪናው ሳንቃ ላይ አሻግሮ ነበር። አካሉ ልማዱን ያውቃል። ወርዶ ከመኪናው ኋላ ዞሮ፣ ስልኩን በመዳፉ ከልሎ ለመስማት ሁለት እርምጃ ይበቃዋል። ክንዱ አልዞረም። ጋቢውን እስከ አገጩ ስቦ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ማሳ ያያል። ሰምቷል፤ የልጅቱ ድምፅ ከስልኩ ወጥቶ ይሰማል። ጌታነህ ሲወርድ ላለማየት ነው ወደዚያ የሚያየው።

ጌታነህ እግሩን መለሰ።

"ልጄ፣ ለኔ አትንገሩኝ" አለ።

"አቤት?"

"አጠገቤ ነው። ለራሱ ንገሩት።"

"አባቴ፣ እንደዚያ አናደርግም እኮ። ይደነግጣሉ። ቤተሰብ ነው አስቀድሞ…"

"ከደነገጠ አብሬው ነኝ። እኔ ከዚህ አልወርድም።"

በወዲያኛው በኩል ሰዎች ሲነጋገሩ ተሰማ። የወንድ ድምፅ አንድ ነገር ጠየቀ፤ ልጅቱ መለሰችለት። ጌታነህ አልጠበቀም። ስልኩን ለክንዱ ዘረጋለት።

ክንዱ ስልኩን አየ፣ ጌታነህን አየ። በሁለት እጁ ተቀበለና ጆሮው ላይ አደረገው።

"አቤት" አለ። "እኔ ነኝ በሽተኛው።"